ሃያ ሰባቱ ቅኔዎችና የዕቃ ቤቱ ቁልፍ

ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሠርክአዲስ፣

የላፕቶፑን ሰዓት የቀየርሁት እኔ ነኝ።

ከሰላምታ በፊት ይህን ያስቀደምሁት፣ ሰላምታውን ካስቀደምሁ እንደ ልማዴ እዚያው ውስጥ ተደብቄ እንደምቀር ስለማውቅ ነው። ሰዓቱንም፣ ቀኑንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም ቀየርሁ። ማንም አላዘዘኝ፣ ማንም አልረዳኝ። ባለፈው ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ በገዛ ጣቴ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ሙሉ ሰው አንችን ሲወቅስ ጋቢዬን ተከናንቤ ዝም ብዬ አየሁ።

አሁን ልጠይቅሽ፤ እንዴት ከረምሽ? ቡሬ ዝናቡ እንዴት ነው? ተማሪዎችሽ ፈተና ጀመሩ? የስልኩ መስመር ከተቋረጠ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ ድምፅሽን ከሰማሁም እንደዚያው። እኔ ለሥጋዬ ደኅና ነኝ፣ አምላክ ይመስገን። ግን ፈርቻለሁ። 

የፈራሁትን ልንገርሽ። ቅዳሜ ሰኔ 14 እንደምትመጪ፣ ማሽኑን ሙልጭ አድርገሽ አጥፍተሽ ያለቀለትን ሲስተም እንደምትጭኚበት ቀጠሮ አለን። «የየኔታ ቅኔ ሁሉ ቅጂው በፍላሹ አለ አይደል አባባ?» ብለሽኝ «አለ» ብዬሻለሁ። የለም ልጄ። ከስልሳ ሦስቱ ቅኔ ሃያ ሰባቱ ከማሽኑ በቀር የትም የሉም። ማሽኑ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን መተኛቱ በዝቷል። የኔታም ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ አንደበታቸው እንደታሰረ ነው።

«ቅዳሜ ስመጣ በአፍዎ አይነግሩኝም ነበር?» ትይ ይሆናል። አፌን አላምነውም። ሰው ፊት ሲቆም ምን እንደሚያደርግ አይቼዋለሁ። ስለዚህ በወረቀት ጀመርሁት። የንስሐ አባቴ «ኃጢአት ከሥሩ ካልተነቀለ መልሶ ያቆጠቁጣል» ይላሉና የምታውቂውንም እየደገምሁ ከሥሩ እጀምራለሁ።

የዛሬ ዓመት ገደማ ያን አሮጌ ላፕቶፕ በነጠላሽ ጠቅልለሽ ከቡሬ አመጣሽው። ገና በመሠራት ላይ ያለ ሲስተም ጭነሽበት ነበር። ለምን ያላለቀ ነገር አልሁሽ።

«የግእዙን ፊደል ሁሉ አሟልቶ የያዘው ይኸ አዲሱ ብቻ ነው አባባ። እኔም ከሚሞክሩት ሰዎች አንዷ ነኝ። ጣራው ያላለቀ ቤት በሉት። ያፈሳል። ሲያፈስ የት እንዳፈሰሰ ይንገሩኝ፤ እኔ ለሠሪዎቹ እነግራለሁ፤ እነሱ ይደፍኑታል» አልሽኝ።

ሦስት ነገርም አዘዝሽኝ። ማሽኑ ቀጥ ባለ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱንና ምን ይሠራ እንደነበር በደብተር እንድጽፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍላሹን ሰክቼ አንች የሠራሽውን የቅጂ ምልክት እንድጫን። «ከባለፈው ቅጂ ወዲህ የተሠራውን ብቻ ለይቶ ይወስዳል፤ እርስዎ አይቸገሩ» ብለሽኛል። ሦስተኛው፦ «ያልነገርሁዎትን አይንኩ።»

ሁለቱን ጠበቅሁ።

የኔታ ክንፈሚካኤልን ቅኔያቸውን በድምፅ እንድንቀዳ ለማሳመን ስንት ጊዜ እንደተመላለስን አትረሺውም። ቅኔ አንድ ጊዜ ይባላል እንጂ አይደገም። ሃምሳ ዓመት ያሉት ቅኔ ሁሉ ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥቶ ነፋስ ወስዶታል። ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት ሆናቸው፤ ማሽኑን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ከዚያ ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ቅኔ ስዘርፍ ኖሬ፣ አሁን እኔን የሚዘርፍ መጣ!» አሉ። በኋላ ግን እጄን ይዘው በስሜ ጠርተው «ይታገሱ፣ አደራህን» አሉኝ። አደራ ሲሉ እጄን እንዴት አጥብቀው እንደያዙት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

አንድ ልማድ ነበራቸው። መቅዳት ስንጀምር ሁልጊዜ «ቀኑን ተናገር» ይሉኛል። እኔ ቀኑን እናገራለሁ፤ እሳቸው ከዚያ ቅኔውን ይላሉ። ይህን ያዥልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማሽኑ መጀመሪያ ቀጥ ያለው በኅዳር ነው። የኔታ ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ጀምረው አራተኛው ቤት ላይ ሳሉ ማያው ደብዘዝ አለና በዚያው ቀረ። ብነካው አይሰማ፣ ብመታው አይመልስ፤ ዓይኑን እንደገለጠ የሞተ ሰው መሰለኝ። አማተብሁ። ያን ጊዜ ስልክ ነበርና ደወልሁልሽ። ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ ይዤ ስድስት ፊደል አንድ በአንድ እንድመታ ነገርሽኝ። «አይቸኩሉ፤ በየፊደሉ መካከል አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያህል ይጠብቁ» አልሽ። በስድስተኛው አቡነ ዘበሰማያት ማሽኑ ተነሣ። ያ መወድስ ግን ጠፋ። የኔታን ድገሙልኝ ብላቸው «የተባለ ተባለ» ብለው እንቢ አሉ። የመጀመሪያው ፍርሃቴ ያ ነው፤ አደራ እንደ ውሃ በጣት መካከል ሲያልፍ ያን ቀን አየሁት።

አንች ግን አልደነገጥሽም። «ማሽኑ የሚያደርገውን ሁሉ ራሱ በመዝገብ ይጽፋል። ሲነቃ ሲተኛ፣ ምን እንዳሰናከለው፣ በሰዓት በደቂቃ። ሲደግመው መዝገቡን እናነባለን» አልሽኝ። መዝገቡን የሚያወጣውን ትእዛዝም በወረቀት ጽፈሽ ላክሽልኝ።

ከዚያ ታኅሣሥ 12 መጣ። ደብሩ ዕቃ ቤት ውስጥ የቅኔውን ዝርዝር ስጽፍ የምታውቂው ንብረት ሁለት ዲያቆናት አስከትሎ የንግሥ ጥላ ሊያወጣ ገባ። የሰበካው ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ ከተሾመ ወዲህ ሳያሾፍ አያልፍም።

«ይታገሱ፣ ይኸ ማሽንህ 2024 ይላል። እኛ የት ነበርን?»

«የፈረንጅ አቆጣጠር ነው» አልሁት።

«ሰዓቱስ? ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ እሱ ዘጠኝ ይላል። ጾመኛ ቢያየው ገድፎ ያርፍ ነበር!»

ዲያቆናቱ ሳቁ።

«የየኔታ ቅኔ በፈረንጅ ቀን ተመዘገበ ሲባል ሊቃውንቱ ምን ይላሉ? አንተስ የማን ጸሐፊ ነህ?»

ጥላውን ተሸክመው ወጡ። ይኸ ሳቅ ነው እንግዲህ። ወንድ ልጅ ስንት ነገር ችሎ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ ሳቅ ያሸንፈዋል። በሩን ዘጋሁና ሰዓቱ ያለበትን ቦታ ፈልጌ አገኘሁ። «ራሱ ያስተካክል» የሚለውን አጠፋሁ። ወር አራት፣ ቀን አሥራ ሁለት፣ ዓመት 2017፣ ሰዓት ሦስት ብዬ ሞላሁ። ማሽኑ እሺ አለኝ። ዕለቱን ግን ቅዳሜ የነበረውን ረቡዕ አለው። ያን ጊዜ መደንገጥ ነበረብኝ። «ያላለቀ ሲስተም አይደል» ብዬ ተውሁት።

ልጄ፣ እስከዚህ ድረስ ቂልነት ነው። ኃጢአቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ ደግሞ ቀጥ አለ። ደወልሁልሽ። የዕለቱን ቀን በፈረንጅ ነግረሽኝ ትእዛዙን ጻፍሁ። «ምንም የተጻፈ የለም» ብሎ መለሰልኝ። አንች «እንዴት ይሆናል?» አልሽ። እኔ ግን እንዴት እንደሆነ ገባኝ። ያዘዝሽኝ ቀንና እኔ የሞላሁለት ቀን የማይገናኙ መሆናቸው ወዲያው ገባኝ። «ሠርክአዲስ፣ ቆይ፣ አንድ ነገር ነክቻለሁ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። ሰዓት መቀየሬን ልናገር ሳስብ ራሴን እንደ ሕፃን አየሁት። ነገ እነግራታለሁ አልሁ። ነገው ስድስት ወር ሆነ።

አንችም መዝገቡ ባዶ ከሆነ ማሽኑ መጻፍ አቅቶታል ብለሽ ሌላ መንገድ ያዝሽ። መጀመሪያ ዲስኩ ሊሞት ነው አልሽ፤ ሌላ ዲስክ ከባሕር ዳር አስመጣሽ። አልዳነም። ሜሞሪው ነው አልሽ፤ ፈትቼ እንዳጸዳው በስልክ መራሽኝ። አልዳነም። ከዚያ የሲስተሙን ልብ ወደ ቀድሞው እንድመልስ አደረግሽኝ፤ አሁንም ያው። አንድ ቀን ከሥራ ደክመሽ መጥተሽ ሁለት ሰዓት ሙሉ በስልክ ስንለፋ ድምፅሽ ሲሰበር ሰማሁ። «አባባ፣ እኔ የማላውቀው ነገር አለ» አልሽ። አዎ፣ ነበረ። ስልኩን የያዘው እሱው ነበር።

የኔታ አንደበታቸው ሲታሰር ነገሩ ጠና። ግንቦት 3 ከቅዳሴ በኋላ ሰበካው አንችን ጠራሽ። ከስብሰባው በፊት «ማሽኑን ልየው፣ ዕቃ ቤቱን ይክፈቱልኝ» አልሽኝ። ማያውን ካየሽ ቀኑን ታያለሽ። «ቁልፉ ከቄሰ ገበዙ ጋር ጅጋ ሄዷል» አልሁሽ።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እያወራሁሽ በጣቴ ይዤው ነበር።

ስብሰባው ላይ የሆነውን አንችም ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን በየቀኑ እሰማዋለሁ። ንብረት ተነሥቶ «እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር ነው። ያልደረቀ ግንድ ለምሰሶ ይተከላል? ያላለቀ ነገር አምጥታ የየኔታን ድምፅ መሞከሪያ አደረገችው» አለ። እማሆይ ታንጉት ከበሩ ሥር ሆነው «ንብረት፣ አንተስ መቼ አለቅህ? ሰባት ልጅ ወልደህ ገና እየተሠራህ ነው» አሉት፤ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ነገሩን አላበረደውም። አንች ተነሥተሽ አልሸሸሽም። «ያላለቀ መሆኑን መጀመሪያውኑ ተናግሬአለሁ። የሚያሰናክለውን ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የኔ ሥራ ነው። መዝገቡ ባዶ የሆነበት ምክንያት ብቻ ነው ያልገባኝ» አልሽ። ወደ እኔም ዞርሽ።

«አባባ፣ የነኩት ነገር አለ?»

«እኔ? ምን እነካለሁ» አልሁ።

ዶሮ አልጮኸም፤ ከአጥሩ ማዶ ወፍጮው ነበር የሚጮኸው። ጋቢዬን ግን ከትከሻዬ አንሥቼ ሁለት ጊዜ አስተካከልሁ። ነፍሷን ይማርና እናትሽ አየለች ይህን ታውቅ ነበር፤ «ይታገሱ ሲዋሽ ጋቢው ይጠበዋል» ትል ነበር። አንችም ታውቂያለሽ መሰለኝ፤ እጄን አይተሽ ነበርና። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ የማሽን አገልግሎት አውርደውሽ ስትወጪ በሩ ላይ «አንቱም አላመኑኝም?» አልሽኝ። ያላመንሁሽ አንችን አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልቆረብሁም። ሰዎች ሕመም ይመስላቸዋል።

ትናንት እሑድ የኔታ ድምፃቸውን ቢሰሙ ይጽናናሉ ብዬ ፍላሹን ራዲዮኔ ላይ ሰክቼ ጎጇቸው ወሰድሁት። አንድ፣ ሁለት እያልሁ ሄድሁ። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ቆመ። የታኅሣሥ 5 ቅኔ ነው። ከዚያ ወዲያ የለም። ነቅዬ መለስሁ፣ አጥፍቼ አበራሁ፤ የለም። ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ለማሽኑ ከታኅሣሥ 12 ወዲህ ያሉት ሃያ ሰባቱ የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ የተባሉ ቅኔዎች ናቸው። «አሮጌ ነው» እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያልፋቸው፣ ሲጨርስም «ተፈጸመ» ሲለኝ፣ እኔ ተመስገን እያልሁ ፍላሹን ስነቅል ከረምሁ። የኔታ ጆሯቸውን ወደ ራዲዮኑ አዘንብለው የሚቀጥለውን ይጠብቁ ነበር። «ባትሪው አለቀ» አልኋቸው። ለዕውር፣ ለዲዳ አዛውንትም ዋሸሁ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ።

ዛሬ ጠዋት ፈተና መጣብኝ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ። ሰዓቱን ወደ ቦታው ልመልሰው አሰብሁ። ቅዳሜ ስትመጪ ሁሉ እንደነበረ ታገኚዋለሽ፤ የጎደለውን ቅኔ ሲስተሙ በላው ይባላል፤ ሰውም አስቀድሞ አምኖታል። ጣቴ ደርሳ ነበር። ከዚያ መዝገቡ ትዝ አለኝ። ባዶ ካልሆነስ?

የትእዛዝ ወረቀትሽን አውጥቼ 2024 በሚለው ፈንታ 2017 ብዬ ጻፍሁ። ልጄ፣ ባዶ አይደለም። እንደ ጎርፍ ወረደ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብሄድ ያችን ቅዳሜ አገኘኋት። አንዱ መስመር 2024 ይላል፤ ቀጣዩ 2017። በመካከላቸው አንድ መስመር አለ፤ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም አነበብሁት። ሰዓቱ ተለወጠ ይላል። ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ ሰከንዱን ሳይቀር። እኔ በሩን ዘግቼ ማንም አላየኝም ያልሁትን፣ እሱ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር።

ከግምጃው ሣጥን ላይ ተቀመጥሁ። በመጨረሻው ቀን መጻሕፍት ይከፈታሉ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ፤ የተከፈተ አንድ ገጽ ግን ገና ዛሬ አየሁ። ብመልሰው መመለሴንም ይጽፋል። እጄን ሰበሰብሁ።

ትንሽ ስረጋጋ ደብተሬን አመጣሁና ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ጀመርሁ። ማሽኑን በእኛ ሰዓት ስለሞላሁት፣ ሰዓቱ ከደብተሬ ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። ስሕተቴ የጠቀመችኝ በዚህ ብቻ ነው። ቀኑ ግን የፈረንጅ ወር ሠላሳ አንድ ስለሚሆን እየቆየ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ግንቦት ላይ በሦስት ቀን ይለያል፤ በጣቴ እየቆጠርሁ አስተካከልሁት። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቀጥ ብሏል። አሥራ ዘጠኙንም ደብተሬ ላይ «ደብዝዞ ቀረ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ መዝገቡም አሥራ ዘጠኙንም የሚያበቃው በአንድ ዓይነት መስመር ነው። መስመሩ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ፊደል በፊደል ገልብጬ ለብቻው አያይዤልሻለሁ። አንድ ነገር ግን አየሁ። ዝርዝር ስጽፍበት አንድ ቀንም ቀጥ ብሎ አያውቅም። ቀጥ የሚለው የኔታ ረጅም ሲሉ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ስሰማ፣ ወይም ከፍቼው ወዲያ ስል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ማንም ሳይነካው ሲቀር ነው። ማያው ሊያንቀላፋ ደብዘዝ ይላል፤ ከዚያ እንቅልፉ ሞት ይሆንበታል።

ጣራው የሚያፈስበት ቦታ እሱ ይመስለኛል። ለሠሪዎቹ ንገሪልኝ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ።

የቅጂውን ምልክት ብጫን አሮጌ ብሎ ያልፋቸዋል። ስለዚህ አንድ በአንድ በእጅ ማሻገር አለብኝ። «አይንኩ» ብለሽኛል፤ ይህን አንድ ጊዜ ይቅር በይኝ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ነበር። ፍላሹን ሰክቼ ሠላሳ ሰባተኛውን ቅኔ ጀመርሁ። ፍላሹ ቀሰስተኛ ነው፤ አንዱ ሲሻገር ብዙ ይቆያል። እንዳያንቀላፋ አንድ ጣቴን ቀስቱን በምታንቀሳቅሰው ቦታ ላይ አድርጌ መቁጠሪያ እንደምቆጥር ቀስ ቀስ እያልሁ እነካካዋለሁ። በሌላው እጄ እውነተኛውን መቁጠሪያ ይዣለሁ። እንደዚህ አድርጌ ጸልዬ አላውቅም።

አምስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ አለፉ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። የሰኔ ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚያወርዱ ይመስላል። ድንገት ከጣራው የጥምቀት መዝገቦቹ ላይ መንጠብጠብ ጀመረ። ዘልዬ ተነሣሁ። መዝገቦቹን ወደ ሌላው ጥግ ሳሸሽ፣ ባልዲ ስፈልግ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ስመለስ ማያው ደብዝዞ ቆሟል። አሥራ ዘጠነኛው ግማሽ ላይ ነበር።

ጮህሁ መሰለኝ፤ ዝናቡ ነው የሰማኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነው የተነሣው። ሁለቱን ቁልፎች ያዝሁ። የመጀመሪያውን ፊደል መታሁ። አቡነ ዘበሰማያት። ሁለተኛውን። «ኅድግ ለነ አበሳነ»፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ላይ ስደርስ ደገምሁት። ስንት ዘመን ያልሁት ቃል ነው፤ ዛሬ ግን የምለምነው ማንን እንደሆነ፣ የበደልሁትም ማንን እንደሆነ አውቄ አልሁት። ስድስተኛውን መታሁ። ጥቁር ሆነ። ጥቁር ሆኖ ቆየ። ቆየ። ከዚያ የማያው ብርሃን መጣ።

ቅኔዎቹን ቆጠርሁ። ሃያ ሰባቱም ነበሩ። ግማሽ የቀረውን እንደገና ጀመርሁ፤ ከዚያ በኋላ ጣራው ቢወርድም አልነሣም ብዬ ተቀመጥሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሃያ ሰባተኛው ተሻገረ።

ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልዬ ራዲዮኔን ይዤ በጭቃው ወደ የኔታ ሮጥሁ። ስልሳ ሦስተኛውን፣ የመጨረሻውን ከፈትሁላቸው። የገዛ ድምፃቸው «ይታገሱ፣ ቀኑን ተናገር» አለ። ከዚያ የኔ ድምፅ፦ «ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓመተ ምሕረት።» ለካ በየቅኔው መግቢያ ቀኑ በአንደበቴ ተነግሯል። ሰዓቱን መቀየር ጭራሽ አላስፈለገም ነበር። እሳቸው ዓይነ ስውር ሆነው ያዩትን እኔ አላየሁም።

ቅኔው ሲያልቅ እንደገና እንዳሰማቸው በእጃቸው ጠቆሙኝ። አሰማኋቸው። «ቀኑን ተናገር» የሚለው ሲመጣ፣ የኔታ ፊታቸውን ከራዲዮኑ አንሥተው ወደ እኔ አዞሩ፤ አሁን የተናገሩ ይመስል ጠበቁኝ። ራዲዮኑን ዘጋሁና ለእሳቸው ሁሉን ተናገርሁ፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ የባትሪውንም ውሸት ሳይቀር። እጄን ያዙኝ፤ ያኔ አደራ ያሉኝን ያህል አጥብቀው። ከዚያ በመቋሚያቸው ወደ ደብሩ አቅጣጫ አመለከቱ።

ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ።

ታቦቱ ገብቶ፣ ትምህርቱ ተሰጥቶ፣ ሕዝቡ ሊበተን ሲል አለቃውን አንድ ቃል እንድናገር ለመንኋቸው። ገጠሬው ሁሉ መጥቷል፤ ዐውደ ምሕረቱ ሙሉ ነው። የኔታን ተማሪዎቻቸው በወንበር ተሸክመው አምጥተዋቸዋል። ስቆም እጄ ወደ ጋቢዬ ሄደች። መልሼ አወረድኋት።

«ይታገሱ ነኝ፣ የሰበካው ጸሐፊ» አልሁ። «ማሽኑን ያበላሸችው ልጄ ሠርክአዲስ አይደለችም። ቀኑንና ሰዓቱን የቀየርሁት እኔ ነኝ። መዝገቡ የጠፋት፣ ስድስት ወር በከንቱ የደከመች፣ እዚህ መካከላችሁ የተዋረደች በኔ ዝምታ ነው። ስትጠይቀኝ ካድሁ። ቁልፉ ኪሴ ሆኖ ጅጋ ሄዷል አልሁ። የየኔታ ቅኔ አልጠፋም፤ በዚህ ፍላሽ ስልሳ ሦስቱም አለ። በእኔ ቢሆን ግን ሃያ ሰባቱ ጠፍተው፣ የጠፉት በእሷ ተብሎ ይቀር ነበር።»

 

መጀመሪያ የተናገረው ንብረት ነው። ድምፁ የወትሮው አልነበረም። «ይታገሱ፣ እኔ ስለ ሳቅሁብህ ነው?»

«ሳቁ ያንተ ነው፣ ጣቱ የኔ ነው» አልሁት።

ጎንበስ አለና «እሷን የወቀስሁት እዚሁ ፊት ነው፤ ቅዳሜ ስትመጣ እዚሁ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አለ።

እኔም ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ለአለቃው ዘረጋሁ፤ ከእንግዲህ ጸሐፊ ልሁን የምልበት አፍ የለኝም። አለቃው ሳይቀበሉኝ እማሆይ ታንጉት ከሴቶቹ በኩል «ለእሳቸው ምን ያደርግላቸዋል? ለከለከልሃት ስደድላት እንጂ!» አሉ።

ስለዚህ ልጄ፣ ሰዓቱን እንዳለ ትቼዋለሁ፤ አልነካሁትም። ማሽኑ ዛሬም በተሳሳተ ቀኑ ላይ ነው፤ ዐይተሽ አንችው መልሺው። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አልቸኩልም፤ እሱን ደጅሽ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ተስፋው ሾፌሩ መንገዱ ከተከፈተ ነገ በጠዋት ወደ ቡሬ ይነሣል። ደብዳቤውን ለሱ እሰጠዋለሁ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በዚህ በመጨረሻው ወረቀት ጠቅልዬ በፖስታው ውስጥ አድርጌልሻለሁ።

አባትሽ ይታገሱ